ስኳር፣ ግፊትና ኩላሊት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ በኮቪድ የመሞት አደጋ ይደመራል ወይስ ይባዛል?

ክትትል_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች የምንሰጠውን የኮቪድ ምክር እያደስን ነው። የቀድሞው ጽሑፍ «ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ለከፋ አደጋ የተጋለጡ ናቸው» ብሎ ያልፋል። ይህ አባባል ቀላል አስም ያለበትን የ30 ዓመት ወጣትና ስኳር፣ ልብና ኩላሊት የተደራረቡባቸውን የ75 ዓመት አዛውንት በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። አንዱን በከንቱ ያስፈራል፤ ሌላውን ደግሞ በሚገባው ልክ አያስጠነቅቅም።

ለመነጋገር እንዲመቸን አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜያቸው 68 ነው። ዓይነት 2 ስኳር አለባቸው፤ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 8.9 በመቶ ነው። የደም ግፊታቸው በመድኃኒት ተይዟል። የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም በደቂቃ 45 ሚሊሊትር ደርሷል። የእያንዳንዱ ሕመም አደጋ ይደመራል ወይስ ይባዛል? የሕመሞቹ ብዛት ነው የሚበልጠው ወይስ ዓይነታቸው? እኚህ እናት ኮቪድ ቢይዛቸውስ በየትኛው ቀን ምን መደረግ አለበት? ቁጥር የምትጠቅሱ ከነምክንያቱ ብትጽፉልን ለታካሚ ማስረዳት ይቀለናል።


ኤፒ_ቁጥር፦

ባጭሩ ይባዛል። ግን ያገኙትን ቁጥር ሁሉ ማባዛት አይቻልም፤ ስሕተቱ የሚገባውም እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የቻይና የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በምርመራ ስለተረጋገጡ 44,672 ሕሙማን ዘገባ አውጥቶ ነበር። በአጠቃላይ የሞቱት 2.3 በመቶ ናቸው። ተጓዳኝ ሕመም ከሌላቸው 0.9 በመቶ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ካለባቸው 10.5፣ ስኳር ካለባቸው 7.3፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም ካለባቸው 6.3፣ ግፊት ካለባቸው 6.0፣ ካንሰር ካለባቸው 5.6 በመቶ ሞተዋል። አንድ ሰው እነዚህን ይዞ «ስኳር አደጋውን 8.1 ጊዜ፣ ግፊት 6.7 ጊዜ ያበዛል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 54 ጊዜ» ቢል፣ ሁለቱም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ ማለት ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ነገር የትም አልታየም።

ሒሳቡ የተበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሰዎች በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በዚያው ዘገባ ዕድሜያቸው 80ና ከዚያ በላይ ከሆኑት የሞቱት 14.8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ በስኳር ስም ከተጻፈው አደጋ ብዙው የዕድሜ ነው። ሁለተኛ፣ በስኳር ረድፍ ውስጥ ከተቆጠሩት ብዙዎቹ በግፊት ረድፍም ተቆጥረዋል። አንዱን ሰው ሁለቴ እየቆጠሩ ማባዛት አደጋውን ያሳብጠዋል።

ማባዛት የሚቻለው፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ውፍረት፣ ማጨስና ሌሎቹ ሕመሞች አንድ ላይ ተመዝነው ከወጡ ቁጥሮች ነው። ለዚህ የሚመቸው ኦፕንሴፍሊ የሚባለው የእንግሊዝ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን መዝገብና 10,926 የኮቪድ ሞቶችን መርምሯል። በዚያ ጥናት፣ ሕመሙ የሌለበትን እኩያ የሞት አደጋ 1 ብንለው፣ ቁጥጥር ውስጥ ያለ ስኳር 1.31፣ ከቁጥጥር የወጣ ስኳር 1.95፣ ከ30 እስከ 60 ባለው መካከል የወረደ የኩላሊት የማጣራት አቅም 1.33፣ ከ30 በታች የወረደ 2.52 ሆነው ተገኝተዋል። ከቁጥጥር ወጣ የተባለው የሦስት ወር አማካዩ 7.5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ነው።

እንግዲህ ለእኚህ እናት 1.95 በ1.33 ሲባዛ ወደ 2.6 ይመጣል። ስኳርና ኩላሊት ከሌለባቸው እኩያዎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው በዚህ ልክ ይበልጣል ማለት ነው። ስኳራቸው በቁጥጥር ውስጥ ቢሆን ኖሮ 1.31 በ1.33፣ ወደ 1.7 ይወርድ ነበር። ይህ ግን በሁለት የተለያዩ ሰዎች መካከል የታየ ልዩነት ነው፤ ዛሬ ስኳርን ያወረደ ሰው ነገ በዚያው ልክ አደጋው ይወርድለታል ማለት አይደለም።

የዕድሜን ክብደት ለማየት ደግሞ፣ በዚሁ ጥናት በሃምሳዎቹ ካለ ሰው ጋር ሲነጻጸር በስልሳዎቹ ያለ 2.4፣ በሰባዎቹ ያለ 6.07፣ 80ና ከዚያ በላይ የሆነው 20.6 ነው። ከቁጥጥር የወጣ ስኳርና መካከለኛ የኩላሊት ድካም ተባዝተው የሚያመጡት አደጋ ከሃምሳዎቹ ወደ ስልሳዎቹ እንደመሸጋገር ያህል ነው። ለታካሚ «እነዚህ ሁለት ሕመሞች ከኮቪድ አንጻር አሥር ዓመት ገደማ ያስረጁዎታል» ብሎ ማስረዳት በመቶኛ ከመናገር የተሻለ ይገባል።

ስለ ግፊት። በዚሁ ጥናት ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲመዘን የግፊት ቁጥር 0.89 ሆኖ ወጥቷል። ይህን አይተው «ግፊት ይከላከላል» ያሉ ነበሩ፤ አይደለም። ግፊት ሰውን የሚጎዳው ኩላሊቱን፣ ልቡንና የደም ሥሩን በማበላሸት ነው። የኩላሊትና የልብ ሕመም ለብቻቸው ከተቆጠሩ በኋላ ለግፊት የሚቀረው ትርፍ ትንሽ ነው። በተጨማሪም የግፊት ውጤት በዕድሜ ይለያያል፤ በወጣቶቹ ላይ ከፍ፣ በአዛውንቶቹ ላይ ዝቅ ይላል።

ብዛቱን በቀጥታ የለኩም አሉ። በቻይና 575 ሆስፒታሎች ተኝተው የታከሙ 1,590 ሕሙማን በተጠኑበት ሥራ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት፣ በማሽን የመተንፈስ ወይም የመሞት አደጋ አንድ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት 1.79፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላለበት 2.59 ነበር። በአሜሪካ ከ540,000 በላይ ሆስፒታል የተኙ አዋቂዎችን ያጠናው ሥራ ደግሞ የሞት አደጋው በአንድ ሕመም 1.53፣ ከ10 በላይ በሆኑ ሕመሞች 3.82 መሆኑን አሳይቷል። ከ1 ወደ 10 ሲኬድ ጭማሪው ትንሽ የመሰለው ሆስፒታል የሚተኛው ቀድሞውኑ የጠናበት ስለሆነ ነው፤ ከእነዚያ ሕሙማን 94.9 በመቶው ቢያንስ አንድ ሕመም ነበረባቸው። ኦፕንሴፍሊ ሕዝቡን ሁሉ ይዟል፤ ይኸኛው የተኙትን ብቻ። የሁለቱን ቁጥሮች አትቀላቅሉ።

በመጨረሻ ለታካሚ እጥፉን ብቻ አትንገሩ። የ0.1 በመቶ አደጋ በ2.6 ሲባዛ 0.26 ነው፤ የ5 በመቶ አደጋ ግን 13 በመቶ ይሆናል። እጥፉ ትርጉም የሚኖረው ከመነሻው ጋር ሲነገር ነው።


የውስጥ_ደዌ፦

ከላይ የተጻፈውን እቀበላለሁ። የእኔ ጭማሪ ስለ ዓይነቱ ነው። «ስንት ሕመም አለብዎት?» ብሎ ቆጥሮ ማቆም ያሳስታል። ሁለት ሕመም ያለበት አንዱ ቀላል አስምና የተያዘ ግፊት ይኖርበታል፤ ሌላው የልብ ድካምና የኩላሊት መዳከም። በቁጥር እኩል ናቸው፤ በአልጋ ላይ ግን አይገናኙም።

በዚያው በኦፕንሴፍሊ የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው 3.53፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የደም ካንሰር የተገኘበት 2.80 ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የተገኘ ሌላ ካንሰር ግን 0.96፣ ማለትም ምንም አልጨመረም። ከባድ አስም 1.13 ብቻ ነው። «ካንሰር ነበረብኝ» ላለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ መቼና የት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ በተደረገው ጥናት ኤች.አይ.ቪ በደሙ ያለ ሰው 2.14፣ በወቅቱ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው 2.70፣ ቀድሞ ታሞ የዳነው 1.51 ነበር። በቻይናና በአውሮፓ ዝርዝሮች ላይ ነቀርሳ እምብዛም ስለማይታይ ምክር ስታዘጋጁ ይህን አትዝለሉት።

ሕመሞች ሲደራረቡ ነገሩ ለምን ይከፋል? ጤናማ ሰው የልቡን፣ የሳንባውንና የኩላሊቱን ሙሉ አቅም በሰላም ቀን አይጠቀምበትም፤ የተቀመጠ ትርፍ አለው። ትኩሳትና የሳንባ መቆጣት ሲመጡ ሰውነት ከዚያ ትርፍ እያወጣ ይኖራል። ሳንባ ኦክስጅን ማስገባት ሲያቅተው ልብ ፈጥኖ እየመታ ጉድለቱን ይሸፍናል። ልቡ ቀድሞ የደከመ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። ደሙ በበቂ ሁኔታ ካልተገፋ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ኩላሊቱ ሲጎዳ ውኃና አሲድ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ውኃ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። አንዱ የአንዱን ሸክም መያዝ የነበረበት አካል ራሱ ሸክም ይሆናል።

ስኳር ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። ከፍ ያለ ስኳር ነጭ የደም ሕዋሳትን ያዳክማል፤ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋንም ይጎዳል። ኮቪድ ራሱ ያንኑ ሽፋን ያስቆጣና ደም ያረጋል። በተጨማሪም በሽታው በሰውነት ላይ የሚፈጥረው ጫና ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ቤት ውስጥ 150 የነበረ ስኳር በሁለት ቀን 350 ሊገባ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ ሕክምናዎቹ እርስ በርስ መጋጨታቸው ነው። ለኩላሊቱ ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ልቡ ግን ፈሳሹን አይችልም። ኦክስጅን ለሚወስድ ሕመምተኛ ዴክሳሜታሶን የተባለው መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ሕይወት ያድናል፤ ስኳሩን ግን ያስወነጭፈዋል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት በደከመ ኩላሊት ውስጥ ይጠራቀምና ደም ያፈሳል። አንድ ሕመም ያለበትን ሰው ማከም መንገዱ ግልጽ ነው፤ ሦስት ያለበትን ስታክም ግን እያንዳንዱ እርምጃ በአንዱ አካል ላይ ዋጋ ያስከፍላል።


ክትትል_ክፍል፦

በጣም ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ። ሆስፒታል ሲደርሱ በነጥብ የሚሰላ መለኪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ ላይ የሕመሞቹ ብዛት ምን ያህል ይመዝናል?


ጽኑ_ሕሙማን፦

ፎር ሲ የሚባለው የሞት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታኒያ ሆስፒታል በተኙ አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ ወጣ። ከ0 እስከ 21 ይቆጥራል፤ ስምንት ነገሮችን ያያል።

ዕድሜ ከ50 በታች 0፣ በሃምሳዎቹ 2፣ በስልሳዎቹ 4፣ በሰባዎቹ 6፣ 80ና ከዚያ በላይ 7 ነጥብ ነው። ወንድ መሆን 1 ይጨምራል። አንድ ተጓዳኝ ሕመም 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ 2። ትንፋሽ በደቂቃ ከ20 እስከ 29 ከሆነ 1፣ 30ና ከዚያ በላይ 2። ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን የተለካ የደም ኦክስጅን ከ92 በመቶ በታች 2። የንቃተ ሕሊና መዛባት 2። ዩሪያ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከ7 እስከ 14 ከሆነ 1፣ ከ14 በላይ 3። ሲ.አር.ፒ (በደም ውስጥ የሚለካ የመቆጣት ምልክት) ከ50 እስከ 99 ከሆነ 1፣ 100ና ከዚያ በላይ 2።

መለኪያው በተሠራበት ጊዜ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ካገኙት የሞቱት 1.2 በመቶ፣ ከ4 እስከ 8 ካገኙት 9.9፣ ከ9 እስከ 14 ካገኙት 31.4፣ 15ና ከዚያ በላይ ካገኙት 61.5 በመቶ ነበሩ። ያ ጊዜ ክትባት ያልነበረበት ነው፤ ስለዚህ መቶኛውን ዛሬ እንዳለ ለቤተሰብ አትንገሩ። ማን ከማን በላይ እንደሚያሰጋ ለመለየት ግን አሁንም ይረዳል።

እኚህን እናት እንውሰድ። ዕድሜ 4። ተጓዳኝ ሕመም ላይ ተጠንቀቁ፤ በዚህ መለኪያ ግፊት ከሕመም አይቆጠርም፤ ኩላሊትም የሚቆጠረው የማጣራት አቅሙ እስከ 30 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ሦስት ሕመም ይዘው የመጡ እናት የሚያገኙት በስኳሩ ብቻ 1 ነው። ትንፋሻቸው 24 ቢሆን 1፣ ኦክስጅናቸው 90 ቢሆን 2፣ ንቃታቸው ደኅና ስለሆነ 0፣ ዩሪያ 9 ቢሆን 1፣ ሲ.አር.ፒ 120 ቢሆን 2። ድምሩ 11 ነው።

ከ21 ነጥብ ውስጥ ለተጓዳኝ ሕመም የተሰጠው ከፍተኛው 2 መሆኑ «ሕመም ቀላል ነው» ማለት አይደለም። ሕመሙ በሌላ በር ገብቶ ይቆጠራል፤ የደከመው ኩላሊት በዩሪያው ይታያል፤ የደከመው ልብና ሳንባ በትንፋሹና በኦክስጅኑ። ከዚህ የተነሣ ሌላ ችግርም አለ፦ ዩሪያቸው ከድሮም 10 የነበረ ሰው ኮቪዱ ኩላሊቱን ባይነካውም ነጥብ ያገኛል። የቀድሞ የላብራቶሪ ውጤት ይዞ መምጣት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።


ፋርማሲስት_ለ፦

በመድኃኒት በኩል ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ነው፤ ወይ ማቆም የሌለበትን ያቆማል፣ ወይ ማቆም ያለበትን ይቀጥላል።

የግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ከነቤተሰቦቻቸው ቫይረሱን ያስገባሉ በሚል ፍርሃት መቆም የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ብሬስ ኮሮና የተባለ ሙከራ 659 ሕሙማንን፣ መድኃኒቱን የቀጠሉትን ካቆሙት ጋር አነጻጽሮ ማቆም ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። ነገር ግን ታካሚው እያስመለሰው፣ እያስቀመጠው ወይም መጠጣት አቅቶት ከደረቀ ያኔ ለጊዜው ይቆማሉ፤ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ይህ ከቫይረሱ ጋር ሳይሆን ከኩላሊቱ ጋር የተያያዘ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ከእነዚህ የግፊትና ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ጋር ሲጨመሩ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ለእኚህ እናት የትኩሳት መድኃኒቱ ፓራሲታሞል ነው።

የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን በድርቀት ጊዜ ይቆማል፤ ኩላሊት ሲደክም አሲድ ይጠራቀማልና። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉት የስኳር መድኃኒቶች ሰውየው በጠና ሲታመም ወይም መብላት ሲያቆም ወዲያውኑ ይቆማሉ። ምክንያቱ ኬቶአሲዶሲስ፣ ማለትም ኬቶን የተባለ አሲድ በደም ውስጥ መጠራቀሙ ነው፤ አስቸጋሪነቱም ስኳሩ ያን ያህል ሳይወጣ መምጣቱ ነው። ስኳሩ 200 ሆኖ የሚያስመልሰውና በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ስታዩ ኬቶን ይለካ። ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ኩላሊቱ ከደከመ ደግሞ መውረዱ ለሰዓታት ይቆያል። ኢንሱሊን ግን ባይበላም አይቆምም፤ መጠኑ ይስተካከላል። የቆሙት ሁሉ የሚመለሱት ሰውየው እንደ ወትሮው መብላትና መጠጣት ከጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው በድንገት ማቋረጥ የለበትም።

አሁን ወደ ፓክስሎቪድ፣ በአፍ ወደሚወሰደው የኮቪድ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት። መጀመር ያለበት ምልክቱ በታየ በ5 ቀን ውስጥ ነው። መደበኛው መጠን ኒርማትሬልቪር 300 ሚሊግራምና ሪቶናቪር 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ነው። የኩላሊት አቅሙ ከ30 እስከ 60 መካከል ላለ ሰው ኒርማትሬልቪሩ በግማሽ ቀንሶ 150 ይሆናል። የእኚህ እናት 45 ስለሆነ መጠናቸው ይኸኛው ነው። ከ30 በታች ሲሆን ሐኪሙ ለብቻው የሚወስነው ነው። መደበኛው ማሸጊያ ለእሳቸው እንዳለ ከተሰጠ ከየጊዜው አንድ ኒርማትሬልቪር መውጣት አለበት፤ እዚህ ላይ በተደጋጋሚ ይሳሳታሉ።

ሪቶናቪር ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን እንዳያፈርስ ያግዳል። ብዙ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ መድኃኒት ይወስዳልና የበለጠ የሚያስፈልገው ሰው የበለጠ ይጋጭበታል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ቢያንስ 12 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ሕክምናው ካለቀ 5 ቀን በኋላ ይመለሳል። የልብ ምት ማስተካከያውን አሚዮዳሮን ለሚወስድ ፓክስሎቪድ አይሰጥም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሪቫሮክሳባን ከፓክስሎቪድ ጋር ሲወሰድ ደም ሊያፈስ ይችላል። አምሎዲፒን በደም ውስጥ ስለሚጨምር ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ለክቶ መጠኑን መቀነስ ነው። የነቀርሳው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን በተቃራኒው ፓክስሎቪዱን ያፈርሱታል፤ ዛሬ አቁሞ ነገ መጀመርም አይሠራም፤ ውጤታቸው ለቀናት ይቆያል። ለእነዚህ ሰዎች ሬምዴሲቪር በደም ሥር ለ3 ቀን አማራጭ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን 200፣ ከዚያ 100፣ 100 ሚሊግራም፤ ምልክቱ በታየ በ7 ቀን ውስጥ ይጀመራል።

አንድ አጥብቄ የምለው ነገር፦ ዴክሳሜታሶንን ቤት ውስጥ በራስ ውሳኔ መጀመር አደገኛ ነው። ሪከቨሪ በተባለው ሙከራ በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ሲሰጥ፣ በማሽን ከሚተነፍሱት መካከል የሞቱት ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ ወርደዋል። ኦክስጅን ከማያስፈልጋቸው መካከል ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 17.8፣ ካልወሰዱት 14.0 በመቶ ሞተዋል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩንም ያስወጣበታል።


ቤት_ለቤት_ነርስ፦

የቤቱን ክትትል እኔ ልሙላ። ቀን መቁጠር የሚጀምረው ምልክቱ ከታየበት ቀን ነው፤ ምርመራው ከወጣበት አይደለም። ይህን ያሳሳተ ቤተሰብ የመድኃኒቱን 5 ቀን ያሳልፋል። የሚከፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ7ኛውና በ10ኛው ቀን መካከል ነው፤ በ6ኛው ቀን «ተሽሎታል» ብሎ መለካት ማቆም ትልቅ ስሕተት ነው።

በኦክሲሜትር፣ ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ ሲለካ ሰውየው 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ጣቱ ይሙቅ፤ የጥፍር ቀለም ይጥፋ። ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማንበብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በወረቀት ላይ ከነሰዓቱ ይጻፍ። 95ና ከዚያ በላይ ደኅና ነው፤ 93 ወይም 94 ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠራ፤ 92ና ከዚያ በታች ወዲያውኑ ሆስፒታል። መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል መታወቅ አለበት። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባነበበበት ጊዜ ደም ተወስዶ ሲመረመር ኦክስጅናቸው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው 11.7 በመቶ ጥቁሮች ላይና 3.6 በመቶ ነጮች ላይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ 94 ላይ ሆኖ ከትናንት በ3 የወረደ ሰው፣ ቁጥሩ ገና ከመስመሩ ባይወርድም መወሰድ አለበት። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ በሰላሙ ቀንም 90 ሊሆን ይችላል፤ የሱን የወትሮ ቁጥር ሳይታመም ጻፉለት።

ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። ስኳር በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ፣ ከ250 በላይ ከወጣ ኬቶን። የልብ ድካም ያለበት ጠዋት ጠዋት ይመዘን፤ በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ እየያዘ ነው።

አዛውንት ላይ ትኩሳት አትጠብቁ። መውደቅ፣ ምግብ መተው፣ ቀን መተኛት፣ ሰው መለየት ማቃት የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።


ክትትል_ክፍል፦

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። «እነዚህ ሰዎች የሞቱት በነበረባቸው ሕመም ነው እንጂ በኮቪድ አይደለም» ሲባል ምን እንመልስ? በዚህ አባባል ክትባት የተዉ አሉ።


ኤፒ_ቁጥር፦

ይህ አባባል የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ላይ ከወጣ አንድ የአሜሪካ መረጃ ነው። ኮቪድ ከተጻፈባቸው የሞት ምስክር ወረቀቶች 6 በመቶው ላይ ብቻ ኮቪድ ለብቻው ነበር፤ በሌሎቹ ላይ በአማካይ 2.6 ተጨማሪ ሕመሞች ተጽፈዋል። ሰዎች «94 በመቶው በሌላ ሞቱ» ብለው አነበቡት። ከተጨማሪዎቹ ውስጥ ግን ብዙዎቹ የሳንባ ምችና የመተንፈስ ውድቀት ናቸው፤ እነዚህ ኮቪዱ ያመጣቸው እንጂ አብረው የኖሩ ሕመሞች አይደሉም። የምስክር ወረቀት አጻጻፉም ሰንሰለቱን በሙሉ ይጠይቃል።

«ለማንኛውም ሊሞቱ ነበር» ለሚለውም ቁጥር አለ። የግላስጎው ተመራማሪዎች የሟቾቹን ዕድሜና የነበሩባቸውን ሥር የሰደዱ ሕመሞች ብዛትና ዓይነት ቆጥረው ባሰሉት መሠረት፣ አንድ ሟች ከነሕመሙ በአማካይ ሊኖር ይችል የነበረው ወንድ 11.6፣ ሴት 9.4 ዓመት ነው። ስኳርና ግፊት ይዞ አሥር ዓመት መኖር የተለመደ ነገር ነው፤ የታካሚዎቻችን ሁሉ ሕይወት ይኸው ነው።

ስለ ክትባቱ፣ በአሜሪካ 1,228,664 የመጀመሪያውን ዙር ክትባት የጨረሱ አዋቂዎች እስከ ኦክቶበር 2021 ተከታትለው በጠና የታመሙት ከ10,000 ሰው 1.5፣ የሞቱት 0.33 ነበሩ። ከሞቱት 78 በመቶው ቢያንስ አራት አጋላጭ ነገሮች ነበሩባቸው፤ ከነዚህ አንዱ 65 ዓመት መሙላት ነው። ክትባቱ የሁሉንም ሰው አደጋ ይቀንሳል፤ የቀረው አደጋ ግን ሕመም በተደራረበባቸው ላይ ይከማቻል። ለእነሱ ማጠናከሪያ ክትባቱ በወቅቱ መሰጠት ያለበት፣ ከተከተቡ በኋላም ቢታመሙ በመጀመሪያው ቀን መመርመር ያለባቸው ለዚህ ነው። የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውና በሽታ የመከላከል አቅማቸው በመድኃኒት የወረደ ሰዎች ለክትባት የሚሰጡት ምላሽ ስለሚያንስ የተጨማሪ መጠን ጉዳይ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።


የውስጥ_ደዌ፦

በጽሑፉ ላይ የምርመራ ውጤት ካለፈው ሦስት ወር፣ የመድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ የወትሮ ኦክስጅንና ክብደት በአንድ ገጽ የሚሞላበት ቦታ አስቀምጡ። ድንገተኛ ክፍል በሌሊት የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው።


ጽኑ_ሕሙማን፦

አንድ እርማት፣ ሰው እንዳይሳሳት። ከላይ የጻፍኩት የዩሪያ ቁጥር በሚሊሞል በሊትር ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች የዩሪያ ናይትሮጅንን በሚሊግራም በዴሲሊትር ያወጣሉ፤ በዚያ ሲቆጠር 7 የሚለው ወደ 20፣ 14 የሚለው ወደ 39 ይጠጋል። ወረቀቱ ላይ 18 አይታችሁ 3 ነጥብ እንዳትሰጡ፤ በዚያ መለኪያ 18 ማለት 0 ነጥብ ነው።